ድርሻንና ለውጥን በጽሑፍ መግለጽ

ምዕራፍ ዘጠኝ

መግቢያ

ባለፉት ምዕራፎች ሰውን፣ ቦታንና ድርጊትን በጽሑፍ እንዴት እንደምትገልጹ ተምራችኋል። በዚህ ምዕራፍ ደግሞ መጠንንና የመጠንን ለውጥ መግለጽ ትማራላችሁ። ስንት ኩንታል እህል እንደ ገባ፣ ስንት ተማሪ እንዳለፈ፣ የአንድ ኩባንያ ድርሻ ከስንት ተነሥቶ ስንት እንደ ደረሰ የሚናገር ጽሑፍ በጋዜጣም፣ በመሥሪያ ቤት ዘገባም፣ በሌሎች የትምህርት ዓይነቶች መጻሕፍትም ዘወትር ያጋጥማችኋል። አኃዝ ያለበት ጽሑፍ በአንባቢ ዘንድ ቶሎ ይታመናል። ይሁን እንጂ አኃዙ ትክክል ሆኖ ሳለ ዐረፍተ ነገሩ ሐሰት የሚሆንበት ጊዜ አለ። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንደሚባለው ሁሉ፣ አኃዝም የሚፈረድለት ወይም የሚፈረድበት በአነጋገሩ ነው።

ይህን ምዕራፍ ስትፈጽሙ፦

1. በ«ቁጥር» እና በ«ድርሻ» መካከል ያለውን ልዩነት ታስረዳላችሁ፤
2. «በ»፣ «ከ»፣ «ወደ» እና «እጥፍ» ከአኃዝ ጋር ሲነገሩ የሚሰጡትን ትርጉም ለይታችሁ ትጠቀማላችሁ፤
3. አኃዝ ያለበትን አንቀጽ አንባቢ ሳይሳሳት ሊረዳው በሚችል አኳኋን ትጽፋላችሁ።

ክፍል አንድ፦ ምንባብ

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ አንብቡ። በሁለተኛው ንባባችሁ ደግሞ በምንባቡ ውስጥ ያሉትን አኃዞች ከነዓመታቸው በደብተራችሁ አስፍሩ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስተውሉ።

የትምህርት ማስተዳደሪያ ሥርዓቶች ውድድር

በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መምህሩ ማስታወሻውን ለተማሪዎቹ የሚያድልበት፣ ተማሪዎቹ የቤት ሥራቸውን የሚያስረክቡበት፣ ፈተና የሚሰጥበትና ውጤት የሚመዘገብበት የኮምፒዩተር ሥርዓት የትምህርት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ይባላል። ጥቁር ሰሌዳው፣ የስም መጥሪያው፣ የማርክ መዝገቡና የማስታወቂያ ሰሌዳው ተሰብስበው በኢንተርኔት ላይ አንድ ቦታ ቢቀመጡ ይህንኑ ሥርዓት ይመስላሉ። ሥርዓቱን ሠርተው ለዩኒቨርሲቲዎች የሚያቀርቡት ኩባንያዎች ብዙ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ውድድርም ከሃያ ዓመታት በላይ ሲካሄድ ቆይቷል።

ከቀደምቶቹ አንዱ ዌብሲቲ ነው። ይህን ሥርዓት በ1990ዎቹ አጋማሽ ያዘጋጀው በካናዳ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ መምህር የነበረው መሪ ጎልድበርግ ነው። በ1997 በዋሽንግተን ዲ.ሲ. ብላክቦርድ የተባለ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ስሙ በአማርኛ «ጥቁር ሰሌዳ» ማለት ነው። በ1999 ደግሞ በካናዳ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ዲዛየርቱለርን የተባለው ኩባንያ ሥራ ጀመረ። በ2002 አውስትራሊያዊው ማርቲን ዱጊያማስ የሙድልን የመጀመሪያ ሙሉ እትም አወጣ። ሙድል ከሌሎቹ የሚለየው ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊወስደው፣ ሊጠቀምበትና እንደ ፍላጎቱ ሊያሻሽለው የተፈቀደ በመሆኑ ነው።

በጥቅምት 2005 ብላክቦርድ ተቀናቃኙን ዌብሲቲን ለመግዛት መስማማቱን አስታወቀ፤ ግዢውም በ2006 መጀመሪያ ተፈጸመ። በዚህ ዓይነት ሁለቱ ታላላቅ ሥርዓቶች በአንድ ባለቤት እጅ ገቡ። ኬኔት ግሪን የመሠረተው ካምፐስ ኮምፒዩቲንግ የተባለው ዓመታዊ የዳሰሳ ጥናት፣ በ2006 ከጠየቃቸው የዩናይትድ ስቴትስ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች መካከል 71.0 በመቶ የሚሆኑት ከብላክቦርድ ምርቶች አንዱን መደበኛ ሥርዓታቸው ማድረጋቸውን አመለከተ። በዚያው ዓመት ብላክቦርድ «የፓተንት መብቴን ጥሷል» ሲል ዲዛየርቱለርንን ከሰሰ። በ2008 ዳኞች ለብላክቦርድ 3.1 ሚሊዮን ዶላር ያህል ካሣ ቢፈርዱለትም፣ በ2009 የይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሁለቱ ወገኖች ታረቁ። እንደገና በ2009 ብላክቦርድ ኤንጅል የተባለውን ሌላ ተቀናቃኝ ገዛ።

ተቀናቃኞቹን አንድ በአንድ የገዛ ኩባንያ ድርሻው ይጨምራል ብሎ መገመት ተገቢ ይመስላል። የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በዚያው የዳሰሳ ጥናት መሠረት የብላክቦርድ ድርሻ በ2010 57.1 በመቶ፣ በ2011 ደግሞ 50.6 በመቶ ሆነ። በአንጻሩ የሙድል ድርሻ በ2006 ከነበረበት 4.2 በመቶ ተነሥቶ በ2010 16.4 በመቶ ደረሰ።

ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የሚከተለው ነው። አንድ ኩባንያ የገዛቸውን ሥርዓቶች ሁሉ ለዘለዓለም ጎን ለጎን አያቆያቸውም፤ አንዱን ይዞ ሌሎቹን ቀስ በቀስ ወደ መተው ያዘነብላል። በሚተወው ሥርዓት ይሠራ የነበረ ዩኒቨርሲቲም ወደ ሌላ መዛወር ግድ ይሆንበታል። መዛወር ቀላል ነገር አይደለም። መምህራን በብዙ ዓመታት ያጠራቀሙት ማስታወሻ፣ የፈተና ጥያቄና መዝገብ ሁሉ ከአንዱ ወደ ሌላው መጋዝ አለበት፤ አሠራሩንም እንደገና መማር ያስፈልጋል። ይህ ድካም ካልቀረ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው የቀድሞ ሻጩን ምርት ብቻ ሳይሆን በገበያ ላይ ያለውን ሁሉ አወዳድሮ ይመርጣል። ስለዚህ ደንበኛን ከነሥርዓቱ መግዛት ደንበኛው እንደሚቆይ ዋስትና አልሆነም።

በዚህ ጊዜ አዲስ ተወዳዳሪ ብቅ አለ። በ2008 በዩታ ግዛት ብራያን ዊትመርና ዴቭሊን ዴሊ የተባሉ ሁለት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ኢንስትራክቸር የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ካንቫስ የተባለው ሥርዓታቸውም በ2011 በይፋ ለገበያ ቀረበ። ካንቫስ ከመጀመሪያው ጀምሮ የተሠራው በኢንተርኔት በኩል እንዲሰጥ ሆኖ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው የራሱን ኮምፒዩተሮች ገዝቶ፣ ባለሙያ መድቦ ሥርዓቱን መንከባከብ አላስፈለገውም። በሐምሌ 2018 ማይንድዋየርስ የተባለ የጥናት ድርጅት መረጃ እንዳመለከተው፣ በዩናይትድ ስቴትስ ካንቫስ በ1,218፣ ብላክቦርድ በ1,216 ተቋማት ይሠራባቸው ነበር። የእያንዳንዳቸው ድርሻ 28 በመቶ ያህል ነበር።

ከዚያ በኋላ የባለቤትነት ለውጥ ተከታተለ። በ2020 ቶማ ብራቮ የተባለው የመዋዕለ ንዋይ ድርጅት ኢንስትራክቸርን 2 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ገዛ። በ2021 ብላክቦርድ አንቶሎጂ ከተባለ ኩባንያ ጋር ተዋሐደ። በ2024 ኬኬአር የተባለው ድርጅት በ4.8 ቢሊዮን ዶላር የኢንስትራክቸር ባለቤት ሆነ። በ2025 አንቶሎጂ ዕዳው ስለ ከበደው ከአበዳሪዎቹ የሚጠብቀውን የኪሳራ ሕግ ከለላ ለማግኘት ለፍርድ ቤት አመለከተ።

እስከ አሁን የተነገረው ሁሉ የሰሜን አሜሪካ ታሪክ ነው። በአውሮፓና በላቲን አሜሪካ ግን ተቋማት በብዛት የመረጡት ሙድልን ነው። በአገራችንም በሙድል የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ሙድል ያለ ክፍያ የሚገኝ ስለሆነ፣ ገበያው በሚከፈለው ገንዘብ ሲለካ ድርሻው ትንሽ፣ በሚጠቀሙበት ተቋማት ቁጥር ሲለካ ግን ትልቅ ሆኖ ይታያል። ስለሆነም «የሚመራው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ከመስጠት በፊት «የት፣ መቼና በምን ተለክቶ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የምንባብ ጥያቄዎች

1. ብላክቦርድ ተቀናቃኞቹን እየገዛ ሳለ ድርሻው ለምን ቀነሰ? ምንባቡ የሚሰጠውን ምክንያት በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።
2. አንድ ዩኒቨርሲቲ ከአንድ ሥርዓት ወደ ሌላ ሲዛወር የሚደርስበትን ድካም ዘርዝሩ።
3. «የዳሰሳ ጥናት»፣ «መደበኛ»፣ «ይግባኝ»፣ «ተቀናቃኝ»፣ «ተዋሐደ» የሚሉትን ቃላት በራሳችሁ ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ አግቧቸው።

ክፍል ሁለት፦ ቁጥርና ድርሻ

«ቁጥር» አንድ ነገር በራሱ ምን ያህል እንደ ሆነ ይነግረናል። «ድርሻ» ግን ከጠቅላላው ስንተኛው ክፍል እንደ ሆነ የሚያመለክት የማወዳደሪያ ቃል ነው። ለምሳሌ ያህል በአንድ አገር 100 ኮሌጆች ይኖራሉ እንበል፤ ከእነዚህም 60ዎቹ በአንድ ኩባንያ ሥርዓት ይጠቀማሉ። የኩባንያው ድርሻ 60 በመቶ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኮሌጆቹ 200 ሆኑ፤ የኩባንያው ደንበኞችም 90 ደረሱ። አሁን ድርሻው 45 በመቶ ነው። ኩባንያው 30 አዳዲስ ደንበኞች አግኝቶ ሳለ ድርሻው ቀንሷል ማለት ነው። «ኩባንያው ደንበኞቹን አጣ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ተሳስቷል። «ኩባንያው አደገ» ብሎ ብቻ የሚያልፍም ግማሹን እውነት ደብቋል። ትክክለኛው አገላለጽ፣ «የደንበኞቹ ቁጥር ከ60 ወደ 90 ቢያድግም፣ ከጠቅላላው ኮሌጆች ያለው ድርሻ ከ60 በመቶ ወደ 45 በመቶ ወርዷል» የሚለው ነው። «ቢያድግም» የሚለው ግሥ ሁለቱን እውነቶች በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስማምቶ እንደ ያዛቸው ልብ በሉ።

ክፍል ሦስት፦ ሰዋስው

ሀ. «በ» እና «ወደ»

የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

1. የብላክቦርድ ድርሻ ወደ 50.6 በመቶ ወረደ።
2. የብላክቦርድ ድርሻ በ50.6 በመቶ ወረደ።

በሁለቱ መካከል ያለው የቃል ልዩነት እጅግ ትንሽ ነው፤ የትርጉሙ ልዩነት ግን ሰፊ ነው። «ወደ» የለውጡን መድረሻ ሲያመለክት፣ «በ» የለውጡን መጠን ያመለክታል። በአንደኛው ዐረፍተ ነገር መሠረት ለኩባንያው የቀረው 50.6 በመቶ ነው። በሁለተኛው መሠረት ግን የጠፋው 50.6 በመቶ ነው። ከምንባቡ ጋር የሚስማማው አንደኛው ብቻ ነው።

«ወደ» ሌላም ጠባይ አለው። «ወደ 50 የሚሆኑ ሰዎች መጡ» ስንል «50 ያህል» ማለታችን ነው። ስለዚህ «ድርሻው ወደ 50 በመቶ ወረደ» የሚለውን አንዱ አንባቢ «ልክ 50 ላይ ደረሰ»፣ ሌላው «50 ገደማ ሆነ» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። ይህን ለማስወገድ፣ መድረሻው ትክክለኛ አኃዝ ሲሆን «50.6 በመቶ ላይ ደረሰ» ወይም «50.6 በመቶ ሆነ»፣ ግምት ሲሆን ደግሞ «50 በመቶ ገደማ ሆነ» ብላችሁ ጻፉ።

ለ. «በመቶ» እና «የመቶኛ ነጥብ»

ከ71.0 ላይ 50.6 ሲቀነስ 20.4 ይቀራል። ታዲያ የብላክቦርድ ድርሻ «በ20.4 በመቶ» ቀነሰ ማለት ይቻላልን? አይቻልም። የ71.0 20.4 በመቶ 14.5 ያህል ስለሆነ፣ በዚህ አነጋገር የሚቀረው 56.5 ይሆናል። በሁለት መቶኛዎች መካከል ያለው ልዩነት የሚጠራው «የመቶኛ ነጥብ» ተብሎ ነው። እንግዲህ ትክክለኛዎቹ አገላለጾች የሚከተሉት ናቸው።

1. ድርሻው ከ71.0 በመቶ ተነሥቶ 50.6 በመቶ ላይ ደረሰ።
2. ድርሻው በ20.4 የመቶኛ ነጥብ ቀነሰ።
3. ድርሻው ቀድሞ ከነበረው በ28.7 በመቶ ቀነሰ።

ሦስቱም ስለ አንድ ለውጥ ይናገራሉ። ከሦስቱ ለአንባቢ ግልጽ የሚሆነው መነሻውንና መድረሻውን የሚያሳየው አንደኛው ነው። ጥርጣሬ ባደረባችሁ ጊዜ እርሱን ምረጡ።

ሐ. «እጥፍ»

የሙድል ድርሻ ከ4.2 ተነሥቶ 16.4 በመቶ መድረሱን «አራት እጥፍ ያህል ሆነ» ብለን ልንገልጽ እንችላለን። «በአራት እጥፍ ጨመረ» ብንል ግን አንዳንዱ አንባቢ በነበረው ላይ ሌላ አራት እጥፍ የተጨመረበት፣ ማለትም አምስት እጥፍ የሆነ ይመስለዋል። ስለሆነም ከ«እጥፍ» ጋር «ጨመረ» ከሚለው ይልቅ «ሆነ» የሚለውን ግሥ መጠቀም ይመረጣል።

ክፍል አራት፦ ድርሰት

አኃዝ ያለበትን አንቀጽ ከመጻፋችሁ በፊት አራት ጥያቄዎችን ራሳችሁን ጠይቁ፦ የተቆጠረው ምንድን ነው? የተቆጠረው የት ነው? የተቆጠረው መቼ ነው? የቆጠረውስ ማን ነው? የመጀመሪያው ጥያቄ በተለይ ብርቱ ነው። 50,000 ተማሪዎች ያሉት ዩኒቨርሲቲና 500 ተማሪዎች ያሉት ኮሌጅ፣ ተቋማት ሲቆጠሩ እያንዳንዳቸው «አንድ» ናቸው፤ ተማሪዎች ሲቆጠሩ ግን አንዱ የሌላው መቶ እጥፍ ነው።

አሁን የሚከተለውን አንቀጽ መርምሩ።

«ብላክቦርድ በ2006 የዓለምን ገበያ ተቆጣጥሮ ነበር። በ2011 ድርሻው በ50.6 በመቶ ወረደ። ከዚያም ከ50.6 በመቶ ተንኮታኩቶ በ2018 28 በመቶ ሆነ። ካንቫስም ድባቅ መታው።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ አንድም የተፈጠረ አኃዝ የለም። ሆኖም አንባቢውን አራት ጊዜ ያሳስታል። አንደኛ፣ ጥናቱ ስለ ዩናይትድ ስቴትስ እንጂ ስለ ዓለም አልተናገረም። ሁለተኛ፣ በ«ወደ» ምትክ «በ» ገብቷል። ሦስተኛ፣ የ2011ንና የ2018ን አኃዞች ያወጡት ልዩ ልዩ ድርጅቶች ናቸው፤ አንደኛው የዳሰሳ ጥናት አድርጎ ተቋማትን ጠየቀ፣ ሌላው ሥርዓቱ የሚሠራባቸውን ተቋማት ቆጠረ። በሁለት ቁና የተሰፈረ እህል በቀጥታ ሊወዳደር እንደማይችል ሁሉ፣ ሁለቱን አኃዞች በአንድ መስመር ላይ ማሰለፍ አይገባም። አራተኛ፣ ልዩነቱ 2 ተቋማት ብቻ ሆኖ ሳለ «ድባቅ መታው» የሚል ግሥ ተመርጧል። «በጥቂቱ ቀደመው» ማለት ይበቃ ነበር።

ታርሞ ሲጻፍ የሚከተለውን ይመስላል።

«በዩናይትድ ስቴትስ በተደረገ ዓመታዊ የዳሰሳ ጥናት መሠረት፣ ከብላክቦርድ ምርቶች አንዱን መደበኛ ሥርዓታቸው ያደረጉ ተቋማት በ2006 71.0 በመቶ ነበሩ፤ በ2011 ግን 50.6 በመቶ ሆኑ። ሌላ ድርጅት በራሱ መንገድ ቆጥሮ በ2018 ባወጣው መረጃ፣ ካንቫስ 1,218፣ ብላክቦርድ 1,216 ተቋማት ነበሯቸው። ስለዚህ በዚያ ዓመት፣ በተቋማት ቁጥር ሲለካ፣ ካንቫስ ብላክቦርድን በጥቂቱ ቀድሞታል።»

ሁለተኛው አንቀጽ ከመጀመሪያው ይልቅ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ነገር ግን አንድ የዩኒቨርሲቲ ኮሚቴ በየትኛው ሥርዓት ማስተማር እንደሚሻል ለመወሰን ቢቀመጥ፣ ሊተማመንበት የሚችለው በዚህ ነው። የመጀመሪያውን አምኖ የሚወስን ኮሚቴ መምህራኑንና ተማሪዎቹን አላስፈላጊ ለሆነ የመዛወር ድካም ሊዳርጋቸው ይችላል። የጸሐፊው ኃላፊነት ከዚህ ላይ ይታያል።

መልመጃ አንድ

የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች ከምንባቡ ጋር እያመሳከራችሁ አርሙ።

1. የሙድል ድርሻ ከ2006 እስከ 2010 በ16.4 በመቶ ጨመረ።
2. ከ2010 እስከ 2011 የብላክቦርድ ድርሻ በ6.5 በመቶ ቀነሰ።
3. ካንቫስ በ2018 የዓለም አንደኛ ሆነ።
4. ሙድል ሽያጩ ትንሽ ስለሆነ የሚጠቀሙበት ተቋማት ጥቂት ናቸው።

መልመጃ ሁለት

«ቢጨምርም»፣ «ቢቀንስም»፣ «በአንጻሩ»፣ «ከ . . . ይልቅ» የሚሉትን እየተጠቀማችሁ ስለ ቁጥርና ስለ ድርሻ ለውጥ አራት ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ።

መልመጃ ሦስት

ከትምህርት ቤታችሁ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ በሁለት የተለያዩ ዓመታት በዘጠነኛ ክፍል የተመዘገቡትን የሴቶችና የወንዶች ተማሪዎች ቁጥር ከመዝገብ ቅዱ። የሴቶቹ ቁጥርና ድርሻ እንዴት እንደ ተለወጠ የሚገልጽ ከ120 ቃላት ያላነሰ ድርሰት ጻፉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ደብተራችሁን ከጎናችሁ ላለው ተማሪ ስጡት። እርሱም ድርሰቱን ብቻ አንብቦ በሁለቱም ዓመታት የነበሩትን አኃዞች መልሶ ይጻፍ። የጻፋቸው አኃዞች ከመዝገቡ ጋር ከተስማሙ ድርሰታችሁ ግልጽ ነው፤ ካልተስማሙ ግን አንባቢውን ከመውቀሳችሁ በፊት «በ» እና «ወደ» የገቡባቸውን ቦታዎች እንደገና መርምሩ።